በየትኛው አቆጣጠር?

ጋሽ አስፋው መሞታቸውን የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው። እዚህ ካናዳ፣ ከሰፈሬ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ወደ ምድር ባቡሩ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት ጠዋት ጢም ብሎ ነው የሚመጣው። በአንድ እጄ ብረቱን፣ በሌላው የምሳ ዕቃዬን ይዤ ስልኬን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ሰነቀርኩት። ቁጥሩን አላውቀውም።

«ሰዓዳ ነሽ? ሜሮን እባላለሁ፤ የአቶ አስፋው ልጅ። ሶሪ፣ ዳዲ... ፓስ አዌይ አደረጉ።»

«መቼ?» አልኩ።

«ቱዝዴይ።»

ማክሰኞ። እሳቸው ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። በኛም በፈረንጅም እኩል የሚውሉት የሳምንቱ ቀናት ብቻ ናቸው፣ ስለነሱ ብቻ ነው የማልጨነቀው ይሉ ነበር።

«ላንቺ የተቀመጠ ኤንቨሎፕ አለ» አለች ልጅቷ። «ኔምሽ ተጽፎበታል። ለቅሶው ላይ ፒክ አፕ ታደርጊዋለሽ?»

እመጣለሁ ብዬ ዘጋሁ። ላልቅስ ወይስ ልናደድ ሳላውቅ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። እኚህን ሰው ረግሜአቸው ነበር። በስልክ፣ ጮክ ብዬ፣ የሥራ ቦታዬ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆሜ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከሁለት ወር አላነጋገርኳቸውም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ስለሳቸው ደግ ደጉን ሳወራ ወዳጃቸው የነበርኩ እንዳይመስል ነው።

ጋሽ አስፋው ተርጓሚ ነበሩ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ስልክ የሚጠግን ልጅ ሱቁን ከኋላ ከፍሎ ያከራያቸው አንዲት ክፍል ነበረቻቸው፤ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ያረጀ ፕሪንተር። ክረምትም ሆነ በጋ ከረባት ያስራሉ፤ ከላይ ወፍራም ጃኬት፣ ከሥር ከረባት። ማኅተማቸውን የሚያስቀምጡት በመነጽር ቤት ውስጥ ነው። መነጽሩ ግን ሁልጊዜ ግንባራቸው ላይ ስለሆነ ቤት አያስፈልገውም። አገር ቤት አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ነው ያረጁት። ወረቀት ሲያዩ መጀመሪያ ያሸቱታል፤ እውነቴን ነው፣ አፍንጫቸው ድረስ አምጥተው ያሸቱታል። የመዝገብ ቤቱ አቧራ ይናፍቀኛል ይሉ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የእናቴን ፍርድ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩና «ይህ ወረቀት ሰኔ ላይ ነው የደረሰኝ፤ አስቸኳይ ነው» አልኳቸው።

«በየትኛው አቆጣጠር?»

«ሰኔ በፈረንጅ አለ እንዴ?»

«የለም። ግን እዚህ አገር ያለ ሐበሻ ሁሉ ጁንን ሰኔ ይለዋል። ጁን የገባው መቼ፣ ሰኔ የገባው መቼ! አንቺ የትኛውን ነው ያልሽው?»

አሰብኩ። ጁንን ነበር ያልኩት። ገና ግንቦት ነበር ለካ። ሳቁብኝ፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው፣ ድምፅ የለውም።

ያቺ ጥያቄ የሳቸው መታወቂያ ናት። ልደቴ ነገ ነው ስትላቸው በየትኛው አቆጣጠር፣ ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው ስትላቸው በየትኛው አቆጣጠር። ስልክ ጠጋኙ ልጅ ሳይቀር «ጋሼ፣ ኪራዩ በወሩ ፈርስት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር!» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። አንድ ጊዜ ወረፋ ስጠብቅ አንድ ትልቅ ሰውዬ የልደት ወረቀት ይዞ መጣ። ጡረታው እንዲፈጥንለት ሦስት ዓመት እንዲጨምሩለት ፈለገ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ሁለት እጥፍ እከፍላለሁ አለ። ጋሽ አስፋው ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት።

«ወንድሜ፣ እኔ ቀን እተረጉማለሁ እንጂ ቀን አልወልድም» አሉት።

ሰውዬው በሩን ወርውሮት ሲወጣ እኔ ሳቅኩ። ሳቄ በኋላ ሊቀዘቅዝ እንደሆነ ምን አውቄ።

አሁን ስለ ቤቱ ልናገር። ኮልፌ ውስጥ ሦስት ክፍልና አንዲት ሱቅ ያለው ቤት ነበረን፤ አባቴ ሲሞት ለእናቴ የቀረ። የአክስቴ ልጅ ከማል የመብራትና የውሃ ጣጣ እኔ እጨርስልሻለሁ ብሎ ከእናቴ ውክልና ወሰደ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ አውራ ጣቷን አስነክቷት ሄደ። በዚያ ውክልና ቤቱን ሸጠውና ካናዳ መጣ። ዛሬ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ቤት ገዝቶ ይኖራል፤ ሁለት ትልልቅ የጭነት መኪና አለው። እናቴ አንድ ጎረቤት ግቢ ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ተጠግታ ቀረች። ኪራዩን የምልከው እኔ ነኝ፤ ኤርፖርት አጠገብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያሸግኩ። ብሩ አይደለም የሚያንገበግባት። ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጀናዛዬ ከሰው ግቢ እንዳይወጣ። ከራሴ በር አውጡኝ።»

እናቴ ከሰሰች። ከማል እዚህ ሆኖ እዚያ ጠበቃ አቆመ፤ ተከራከረ፤ ተረታ። ፍርድ ቤቱ የቤቱን ዋጋ እንዲከፍላት ፈረደ። ይግባኝ አላለም። ለምን ይበል? እዚያ አንድ ወንበር እንኳ የለውም። ያለው ሁሉ እዚህ ነው።

የፍርዱ ግልባጭ እኔ እጅ እስኪገባ ረጅም ጊዜ ፈጀ። መዝገቡ ጠፋ ተባለ፣ ተገኘ፣ እናቴ ታመመች፣ ማኅተም ላይ ማኅተም ተፈለገ። ከደረሰኝም በኋላ እኔው ራሴ ለጠበቃ የሚከፈለውን እስካጠራቅም ወራት ነጎዱ። ጋሽ አስፋውን አስቸኳይ ነው ብያቸው ዋጋ ሲነግሩኝ እንኳ ልመለስ ብዬ ወጥቼ የተመለስኩት በስንት ጊዜዬ ነው። በመጨረሻ በእናቴ ስም የምትከስልኝ አንዲት ጠበቃ አገኘሁ። ሰዓት እያየች የምታወራ፣ ግን ክፉ ያልሆነች ሴት።

«እዚህ ያለው ፍርድ ቤት ክርክሩን እንደ አዲስ አይሰማም» አለችኝ። «የዚያ አገር ፍርድ ቤት በጉዳዩ ላይ ሥልጣን ነበረው ወይ፣ ፍርዱ የመጨረሻ ነው ወይ፣ ገንዘቡ ተለይቶ ታውቋል ወይ፣ ሰውየው የመከላከል ዕድል አግኝቷል ወይ፤ ይህንን ነው የሚያየው። ያንቺ ሁሉንም ያሟላል። አንድ ነገር ብቻ ነው። ይግባኙ የሚባልበት ጊዜ ካለቀ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አንድ ቀን ካለፈ አለቀ። ፍርዱ የተሰጠው መቼ ነው?»

«ጥቅምት ላይ።»

«በስንት?»

በፈረንጅ ስንት እንደሚሆን ጠፋኝ። ስንቱን ነው የማስታውሰው? «ትርጉሙ ላይ ይገኛል» አልኩ።

ትርጉሙ በሳምንቱ ደረሰ። ጋሽ አስፋው ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ አንቀጽ በአንቀጽ፣ ማኅተሙ በክቡ ተገልጾ፣ የዳኞቹ ፊርማ የት እንደተቀመጠ ሳይቀር። ጠበቃዋ ቀኑን አየችና ቆጠረች። «ደህና ነን፤ ወራት ይቀሩናል» አለች። እናቴን በዚያው ጁምዓ ደውዬ እልል አስባልኳት።

ቅዳሜ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አደረግኩ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ፣ የእናቴን ስም በሁለት ቋንቋ ለማየት። ክሱ የተከፈተው መጋቢት። መልስ የተሰጠው ግንቦት። ምስክር የተሰማው ሰኔ። ለነዚህ ሁሉ ጋሽ አስፋው በኛ ዓመት ላይ ስምንት ጨምረው የፈረንጁን ጽፈዋል፤ ልክ ነው። ከዚያ የፍርዱ ቀን፤ ጥቅምት፣ አዲሱ ዓመት ገብቶ። እዚያም ላይ ስምንት ጨምረዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ግን የሚጨመረው ሰባት ነው። በኛ ዘመን ተለውጧል፤ በፈረንጅ ገና ያው ዓመት ነው። የኛን ሰው ካልሆነ በቀር ማንን እንዲህ ያለ ነገር ያሳስተዋል?

ሴት ልጄ ኪንደርጋርተን የገባችበት ዓመት ነበር፤ እናቴ ተፈረደልኝ ብላ ስትደውል የልጄን ቦት ጫማ እያሰርኩ ነበር። ስለዚህ እርግጠኛ ነኝ። እርሳስ አነሳሁና ከአማርኛው ግልባጭ ጠርዝ ላይ ደመርኩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከሥሩ «ሰባት ነው!!» ብዬ ጻፍኩ።

ትክክለኛው ቀን ከተያዘ ሁለቱ ዓመት ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ስህተቱ ከተያዘ ገና ነው።

ዝም አልኩ። ይኸው ነው፤ አላስዋበውም። የራሴን ሥራ ራሴ ነው የሠራሁት። ሰኞ ጠበቃዋ ቢሮ ሄጄ በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው ብዬ ቃለ መሐላ ፈረምኩ። እናቴን አሰብኩ እንጂ አላህን አላሰብኩም። ክሱ ተከፈተ፤ ለከማል ደረሰው። ከማል አማርኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው ነው፤ እሱም አላየውም። ጠበቃውም አላየም። ሁሉም የሚያነበው እንግሊዝኛውን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠበቃዋ፣ ተርጓሚው የራሱን ማረጋገጫ ከአማርኛው ጋር አያይዞ እንዲፈርም ፈለገች። ግልባጩን በፌስታል ይዤ ዳንፎርዝ ሄድኩ፣ ለጋሽ አስፋው ሰጠኋቸው፣ ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር ቁጭ እንኳ ሳልል ተመለስኩ። በጠርዙ ላይ የጻፍኩት ነገር ትዝም አላለኝ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ አስፋው ናቸው፤ ከረባታቸውን አስረው፣ ከሚኖሩበት ከሪጀንት ፓርክ ድረስ በጎዳና ባቡርና በአውቶቡስ መጥተው፣ ሊፍታችን ስለተበላሸ ዘጠኝ ፎቅ በእግራቸው ወጥተው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ጃኬታቸውንም አላወለቁም።

«ሰዓዳ፣ ስህተት ሠርቻለሁ።»

«የምን ስህተት?» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንዳማረ እኔው ገረመኝ።

በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ አስረዱኝ። መጋቢት፣ ግንቦት፣ ሰኔ፤ ከዚያ ጥቅምት። አንዷ አንጓ ላይ ሲደርሱ ቆሙና «እዚህ ጋ ሳትኩ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሰው በዚህች ጥያቄ ሳሰለች፣ ራሴን ሳልጠይቅ ቀረሁ።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ይታረማል እንጂ።»

«ሲታረም ምን እንደሚሆን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ ሰው ጓሮ ነው ያለችው።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ማውራት ያሳፍረኛል። እጅጌያቸውን ይዤ ተንበረከክሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ ጎረቤት እያለፈ። «ማንም አላየውም እኮ ጋሼ! ጠበቃዋ አላየችም፣ እሱ ሌባው ራሱ አላየውም! ቤቱ የእናቴ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፤ ፍርዱን አንብበውታል። የሷን እውነት በአንድ ቁጥር ያጠፉታል? ዝም ቢሉ ማን ያውቃል?»

ዝቅ ብለው አነሱኝ። ዓይኔን እያዩ «ሁለት ሰው ያውቃል፣ ሰዓዳ» አሉ።

አሁን ስለነገሩኝ እኔን ሁለተኛ አድርገው መቁጠራቸው ነው ብዬ ወሰድኩት።

«ለጠበቃዋ ሰኞ እነግራታለሁ» አሉ። «ሰኞ ከሰዓት በኋላ። እስከዚያ ጊዜ አለ።» ትንሽ ቆሙ፤ የምናገረው ነገር እንዳለ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እኔ በሩን ዘጋሁባቸው። ዘጠኙን ፎቅ ሲወርዱ የጫማቸው ድምፅ እስኪጠፋ ከበሩ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ።

ሰኞ ከሰዓት ነገሯት። ስህተታቸውን በመሐላ ጽፈው ፈረሙ። ጠበቃዋ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ልትሞግት የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ ደንበኛዬ በትርጉሙ ተማምና ነው የዘገየችው የሚል። ለዚህ ደግሞ የከማል ጠበቃ ጋሽ አስፋውን በጥያቄ ሊያፋጥጣቸው ፈለገ።

ጥያቄው በኮምፒውተር፣ በዙም ስብሰባ ነበር። እኛ ጠበቃዋ ቢሮ ተቀምጠን፣ ከማል መኪናው ውስጥ ሆኖ በትንሿ ሳጥን፣ ጠበቃው በሌላዋ። ሰውዬው ጋሽ አስፋውን ለአንድ ሰዓት ያህል ላብ በላብ አደረጋቸው። ስንት ዓመት ሠሩ፣ ስንት ጊዜ ተሳሳቱ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው፣ ዓይንዎ ያያል? እያንዳንዱን በጨዋነት መለሱ። የልደት ቀናቸውን ሲጠየቁ በሁለቱም አቆጣጠር ሰጡት።

ከዚያ መጣ። «ወይዘሮ ሰዓዳ ቀኑ ስህተት መሆኑን ያውቁ ነበር?»

ጋሽ አስፋው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ ቀስ ብለው።

«እሷ የነገረችኝ ነገር የለም» አሉ።

ጠበቃው ጻፈና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ሲያልቅ ከማል ድምፁን ከፈተና በአማርኛ «ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ!» አለ፤ ጥርሱ እየታየ።

«ላንተ ብዬ አይደለም» አሉት ጋሽ አስፋው፤ ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሱ።

ውሳኔው ኅዳር ላይ በኢሜይል መጣ። ቤቱ የእናቴ አይደለም አላለም። ከማል አልሸጠውም አላለም። ጊዜው አልፏል ነው ያለው። ወይዘሮ ሰዓዳ ፍርዱ በተሰጠ ዕለት ዜናውን ሰምተዋል፣ ቋንቋውንም ያነባሉ፣ የትርጉሙ ስህተት ደግሞ የመጣው ሁለቱ ዓመት ካለቀ በኋላ ነው አለ። ጠበቃዋ «አዝናለሁ፤ የእናትሽ ፍርድ ልክ ነው፣ ግን እዚህ አገር አይሠራም» አለችኝ። ልፋቴን ሁሉ ውሃ በላው። የከማል ጠበቃ ወጪ ደግሞ እኔው ላይ ተጨመረ።

ያኔ ነው መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጋሽ አስፋው ጋ የደወልኩት። «እናቴ ከሰው ግቢ የወጣች ቀን» አልኳቸው፣ «ያ ቀን በርስዎ ላይ ይቆጠር!»

እስትንፋሳቸው ይሰማኛል። ያን ዕለት ብቻ ነው በየትኛው አቆጣጠር ብለው ያልጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አየኋቸው፤ ደንዳስ የሚሄደው የጎዳና ባቡር ውስጥ። ከረባት አላሰሩም። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ የለም፣ ዓይናቸው ላይም የለም። ያዩኝ አይመስለኝም፤ ሰላም ልበላቸው ወይስ ልለፋቸው ስል በሩ ተከፈተና ወረድኩ፤ መንገዴ ገና ሦስት ፌርማታ ይቀረው ነበር።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ጁምዓ በደወልኩ ቁጥር «ፈረንጆቹ ምን አሉ?» ትለኛለች። «ቀጠሮ ሰጡ» እላታለሁ። የሆነ ቀን ከአፌ እፈጥራለሁ፤ ያ ሲደርስ ሌላ። ጋሽ አስፋው አልወልድም ያሉትን ቀን እኔ በየወሩ እየወለድኩ እናቴን ዓመት ከሁለት ወር አቆየኋት።

ለቅሶው ሪጀንት ፓርክ አዲሶቹ ሕንፃዎች አንዱ ሥር ባለው አዳራሽ ነበር። ስልክ ጠጋኙ ልጅ ጥግ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሜሮን የአባቷ ፊት ያላት ቀጭን ልጅ ናት።

«ከዚያ ኬዝ በኋላ ሥራ አልሰጧቸውም» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ማወቅ አለማወቋን ከፊቷ ላገኘው አልቻልኩም። «ክፍሉንም ጊቭ አፕ አደረጉት። ጠዋት ጠዋት ግን ይለብሱና ኔክታያቸውን አስረው ይቀመጣሉ፤ ከዛ ይፈቱታል። አንድ ቀን ዳዲ፣ ዋይ አልኳቸው፤ ማኅተም መያዝ ያለበት ተሳሳትኩ ማለት የሚችል ሰው ነው፣ እኔ ብያለሁ፣ አሁን ላስቀምጠው አሉኝ። አይ ዶንት ኖው። ይኸው።»

ቢጫ ኤንቨሎፕ ሰጠችኝ። በጥንቃቄ፣ በሬጅስትራር እጅ፣ «ለወይዘሮ ሰዓዳ፤ በእጅ የሚሰጥ» ይላል።

ባቡሩን ስጠብቅ ከፈትኩት። የእናቴ ፍርድ ግልባጭ ነው፤ ያኔ በፌስታል የወሰድኩት። መልሱልኝ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ጠበቃዋ ቀደም ብላ የቀዳችው ንጹሕ ቅጂ ስለነበራት ፍርድ ቤት የገባው ያ ነበር። ገጹን ገለጥኩ። ጠርዙ ላይ የኔ እርሳስ አለ። ድምሩ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ከሥሩም «ሰባት ነው!!»

አጠገቡ በቀጭን እርሳስ፣ አስተማሪ ደብተር ላይ እንደሚያደርገው ምልክት ተደርጎበታል። «ትክክል» ይላል። ከሥሩ ቀን አለ፤ ዘጠኙን ፎቅ የወጡበት ቅዳሜ፣ በኛም በፈረንጅም ተጽፎ።

ስህተታቸውን ያገኙት በኔው ጽሑፍ ነው። በሬ ላይ ቆመው የምን ስህተት ስላቸው፣ እያወቅሁ መጠየቄን ያውቁ ነበር። ሁለት ሰው ያውቃል ሲሉኝ ስለነገሩኝ አልነበረም የቆጠሩኝ። እስከ ሰኞ ጊዜ አለ ያሉኝ ቀድሜ እንድናገር ነው። አልተናገርኩም። ያቺን ወረቀት ለከማል ጠበቃ ቢያሳዩት ኖሮ በሐሰት መማሌ ወጥቶ የት እደርስ እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው። ወረቀቷን ይዘው ዝም አሉ፤ ሲጠየቁም የነገረችኝ የለም አሉ። እውነት ነው፤ አልነገርኳቸውም። እርግማኔንም በዚያው ዝምታ ተቀበሉት። ባቡሩ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። እዚያው ፌርማታው ላይ ተቀምጬ ሰው እስኪያየኝ አለቀስኩ።

ጁምዓ ለእናቴ ደወልኩ።

«ዛሬ ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለች። «ፈረንጆቹ ምን አሉ? ቀጠሮው መቼ ሆነ?»

አፌ ለምዶ መጋቢት ሊል ነበር። ዋጥኩት።

«እማዬ፣ ቀጠሮ የለም። ፍርድ ቤቱ ዘግቶታል። አንቺን እውነት የለሽም አላሉም፤ ጊዜው አልፏል ነው ያሉት። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

የግቢው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል፤ ባለቤቶቹ ቆልፈውት አያውቁም።

«መቼ ነው የዘጉት?»

ቀኑን ነገርኳት። በኛ አቆጣጠር፣ ሰባቱን ቀንሼ፤ ኅዳር፣ ያውም የዘንድሮው ሳይሆን የአምናው።

እናቴ ፊደል አትቆጥርም እንጂ ወር ትቆጥራለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ እያለች ዞራ መጣች። ስትጨርስ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ የጠፋባትን ነገር እንደምትፈልግ ሰው ነው የጠየቀችኝ።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ጁምዓ ዱዓ ያደረግሁት ለየትኛው ቀጠሮ ነው?»